ከገላ በፊት በጨርቅ፤ ስለ ጡት ቀዶ ጥገና የአምሳያ ልምምድ

(በደብረ ታቦር ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ንግግሬን በአንዲት እናት ታሪክ እንድጀምር ፍቀዱልኝ። ዘመኑ እኔ ገና የቀዶ ሕክምና ተማሪ የነበርሁበት ነው፤ የሆስፒታሉን ስም መጥራት አያስፈልግም። ሴትዮዋ ከደጋ አገር የመጡ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ የገበሬ ሚስት ነበሩ። በግራ ጡታቸው ላይ የወጣውን እብጠት ከአንድ ዓመት በላይ በነጠላቸው ሸፍነው፣ ጠበሉንም የአገር መድኃኒቱንም ሞክረው፣ በመጨረሻ ሲቆስልባቸው ወደ እኛ መጡ። ጡታቸውንና በብብታቸው ውስጥ ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎች የማውጣቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ያን ቀዶ ጥገና ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ፤ መጽሐፉንም ደጋግሜ አንብቤአለሁ፤ በገዛ እጄ ግን ሠርቼው አላውቅም ነበር። አስተማሪዬ በሚቀጥለው ክፍል በአንድ አስቸኳይ ሕመምተኛ ስለ ተያዙ፣ ብብቱን የገባሁበት ብቻዬን ነው።

ቁስሉ በደኅና ዳነ። ከአራት ወር በኋላ ግን ሴትዮዋ ተመልሰው መጡ። «ልጄ፣ ሕመሙስ ተነቀለልኝ፤ እግዜር ይስጥህ። ክንዴ ግን አልታዘዝ አለኝ። እንሥራ ሳዝል ትከሻዬ ይከዳኛል፤ እጄም ከራሴ በላይ አልነሣ አለ» አሉኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በሁለት እጃቸው እንዲገፉ ባደረግሁ ጊዜ፣ የግራ ትከሻቸው አጥንት እንደ ወፍ ክንፍ ከጀርባቸው ተነሣ። በደረት ግድግዳ ላይ ወደ ታች የሚወርደውን፣ የትከሻን አጥንት ከጎድን ጋር አጣብቆ የሚይዘውን ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰውን ረጅሙን የደረት ነርቭ ቆርጬው ኖሯል። በዚያን ቀን ነርቩን አላየሁትም፤ ሳላየው ቆረጥሁት።

ይህን የምነግራችሁ ለኑዛዜ አይደለም። ከዚህ ከተቀመጥነው መካከል የመጀመሪያ ሥራውን የማያስታውስ፣ ሲያስታውሰውም ልቡ የማይቆረቁረው ቀዶ ሐኪም ይኖራል ብዬ አላምንም። የምነግራችሁ አንድ ጥያቄ ለማንሣት ነው። ማንኛውም ሰው ሥራን ሲጀምር ይሳሳታል፤ ይህ የማይቀር የሰው ልጅ ጠባይ ነው። ጥያቄው «እንሳሳታለን ወይስ አንሳሳትም?» ሳይሆን፣ «የመጀመሪያው ስሕተታችን በማን ገላ ላይ ይሁን?» የሚለው ነው። አባቶቻችን «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚሉት የሌላው ሕመም የማይሰማውን ሰው ለመውቀስ ነው። የእኛ የማስተማር ልማድ ከዚህ ወቀሳ ነጻ መሆኑን ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል።

የምንከተለው የማስተማር ዘዴ ታሪክ ከጡት ቀዶ ጥገና ታሪክ ጋር አንድ አባት አለው። አሜሪካዊው ዊልያም ሃልስቴድ ጡትን፣ ከበታቹ ያሉትን የደረት ጡንቻዎችና የብብትን ዕጢዎች ባንድ ላይ የሚያወጣውን ታላቅ ቀዶ ጥገና እ.ኤ.አ. በ1894 ለዓለም አስታወቀ። በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታልም ወጣት ሐኪሞች በአስተማሪያቸው ሥር ለዓመታት እየሠሩ ኃላፊነታቸው ደረጃ በደረጃ የሚያድግበትን የሬዚደንት ሥልጠና ያቋቋመው ይኸው ሰው ነው። ከዚህ ሥርዓት የተወለደውን አነጋገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «አንዱን አይ፣ አንዱን ሥራ፣ አንዱን አስተምር» ይላል።

የሃልስቴድ ቀዶ ጥገና ከጊዜ በኋላ በፈተና ተመዘነ። በርናርድ ፊሸር በአሜሪካ፣ ኡምበርቶ ቬሮኔዚ በኢጣልያ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ አነስ ያለው ቀዶ ጥገና በተገቢው ሁኔታ ሲሠራ የሕመምተኛዋን ዕድሜ እንደማያሳጥር አረጋገጡ። በ2002 የታተመው የሃያ ዓመት ክትትላቸውም ይህንኑ አጸና። እንግዲህ ሃልስቴድ ያወጣውን ቀዶ ጥገና መርምረን ለወጥነው፤ ከእርሱ የወረስነውን የማስተማር ልማድ ግን ብዙ ጊዜ ሳንመረምር ተቀብለን እንኖራለን። ልማዱ ብዙ ታላላቅ ሐኪሞችን አፍርቷል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ትምህርቱ የሚጀመረው በሕመምተኛው ገላ ላይ ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ሕመምተኛው ነው።

ባልደረቦቼ፤ የምንነጋገረው በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ ሆነን ነው። ይህ አገር ስለ ትምህርትና ስለ ምስክርነት ከውጭ ሳይነገረው የሚያውቀው ነገር አለው። የድጓ ተማሪ ዜማውን ዓመታት ፈጅቶ ከዘለቀ በኋላ በጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ይሄዳል፤ በዚያም በመምህራን ፊት ያስመሰክራል። የዝማሬና የመዋሥዕቱም ተማሪ እንዲሁ ወደ ዙር አምባ ይወጣል። ሳያስመሰክር ወንበር ዘርግቶ ላስተምር የሚል ቢኖር ሰሚ አያገኝም። የቅኔውም ተማሪ ቀን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ነገም ደግሞ ይቆጥራል። በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን መካከል ቆሞ ቅኔውን ከማቅረቡ በፊት በጎጆው ብዙ ጊዜ ተሳስቷል፣ ብዙ ጊዜም ታርሟል። አንድ ቅኔ ቢበላሽ የሚያፍረው ተማሪው ብቻ ነው፤ የሚጎዳ ገላ የለም። ለዜማ ይህን ያህል ጥንቃቄ ካደረግን ለሰው ብብት ምን ያህል ልናደርግ ይገባን ነበር?

በሌላውም ዓለም ቢሆን ከገላ በፊት በሌላ ነገር ላይ መለማመድ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በጥንታዊቷ ሕንድ በሱሽሩታ ስም የሚጠራው የሕክምና መጽሐፍ፣ ተማሪው መቅደድን በቅልና በዱባ መሰል ፍሬዎች ላይ፣ መስፋትን በጨርቅና በቆዳ ላይ እንዲለማመድ ያዝዛል። በ18ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር አንጀሊክ ዱ ኩድሬ የተባለች አዋላጅ፣ ከጨርቅና ከቆዳ በተሠራ የማሕፀንና የሕፃን አምሳያ የገጠር አዋላጆችን እየዞረች አስተማረች። በእርሷ ዘመን ኮምፒዩተር አልነበረም፤ መርፌና ክር ነበረ።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ጉዳዩ በጥናት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ አንድ ጥናት 16 ሬዚደንቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በኮምፒዩተር አምሳያ ላይ አስቀድመው ሠለጠኑ፤ የቀሩት በተለመደው መንገድ ብቻ ተማሩ። ከዚያ ሁሉም በእውነተኛ ሕመምተኞች ላይ የሐሞት ከረጢትን በመነጽር ቀዶ ጥገና ከጉበት ሲለዩ ታዩ። በአምሳያ የተለማመዱት ሥራውን በ29 ከመቶ ፈጥነው ጨረሱ። ያልተለማመዱት የሐሞት ከረጢቱን የማቁሰል ወይም ሌላ የአካል ክፍል የማቃጠል ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ የሐሞት እንጂ የጡት አይደለም፤ የተሳተፉትም ጥቂት ናቸው። ቢሆንም በአምሳያ ላይ የተገኘ ችሎታ ወደ እውነተኛው ክፍል ተሸጋግሮ እንደሚገባ በግልጽ አሳይቷል። በካናዳ የቶሮንቶ መምህራን ደግሞ በ1990ዎቹ የእጅ ሥራን በዝርዝር መመዘኛ የሚለካ የፈተና ዘዴ አዘጋጅተዋል። በዚህ ዘዴ ፈታኙ «ጎበዝ ነው» ወይም «ሰነፍ ነው» ብሎ በጥቅሉ አይፈርድም፤ ለገላው ያለውን ጥንቃቄ፣ የመሣሪያ አያያዙን፣ የሥራውን ቅደም ተከተል እያንዳንዱን ለየብቻ ነጥብ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስ። ከጡት ቀዶ ጥገና ዘዴዎች ሁሉ በዚህ አገር አስቀድመን ልንለማመድ የሚገባን የትኛውን ነው? የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ከ16 ሺህ በላይ ሰዎች አዲስ የጡት ካንሰር ይዟቸዋል፤ ከሴቶች ካንሰር ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። ከጣራ ገዳም ግርጌ ከአዲስ ዘመን፣ ከእብናት፣ ከነፋስ መውጫ ወይም ከስማዳ ቆላ የሚመጡ እናቶች አብዛኛውን ጊዜ ወደ እኛ የሚደርሱት እብጠቱ ካደገና ብብታቸው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ጡትን ጠብቆ እብጠቱን ብቻ ማውጣት ከፍ ያለ ጥበብ ነው፤ ግን በአብዛኛው የጨረር ሕክምና ሊከተለው ይገባል። የጨረር ሕክምና ደግሞ ለብዙ ዓመታት ከዚህ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ማዕከሎቹ ቢጨምሩም ለገበሬ ሴት መንገዱ ገና ረጅም ነው። ስለዚህ በእኛ እጅ ላይ የሚበዛው ሥራ ሙሉ ጡትን ከብብት ዕጢዎች ጋር ማውጣት ነው። የምንጎዳውም በብዛት እዚያው ብብት ውስጥ ነው።

ብብት ጠባብ ቤት ነው። ጣራው የብብቱ ደም መልስ ሥር ነው፤ ያ ቢቀደድ ደሙ ዓይን ይሸፍናል። በደረቱ ግድግዳ ላይ የነገርኋችሁ ረጅም ነርቭ ይወርዳል፤ ወደ ኋላ ሲል ደግሞ የጀርባውን ሰፊ ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከደም ሥሮቹ ጋር ይወርዳል። በመካከል የላይኛውን ክንድ ውስጠኛ ገጽ ስሜት የሚሰጠው ቀጭን ነርቭ ያቋርጣል። ዕጢዎቹ በእነዚህ ሁሉ መካከል በስብ ተሸፍነው ይገኛሉ። ጥቂት ብቻ ብናወጣ የካንሰሩን ደረጃ በትክክል አናውቅም፤ በሽታውንም ትተን እንዘጋለን። ከሚገባው በላይ ከደም መልሱ ሥር ወደ ላይ ብንዘልቅ ክንዱ ዕድሜ ልክ የሚያብጥበት ዕድል ይጨምራል። በክንዷ የምትኖር ሴት፣ ውኃ የምትቀዳ፣ እህል የምትፈጭ፣ ልጅ የምታዝል ሴት፣ ክንዷን ካጣች ከበሽታው ብትድንም ግማሽ ኑሮዋን አጥታለች።

ይህን ቤት በጨርቅ መሥራት ይቻላል። እኛ የሠራነውን ልግለጽላችሁ። በአንድ ሳንቃ ላይ የጎድን አጥንት እንዲመስል የተሰነጠቀ ሸምበቆ አሰርን። በላዩ ቀይ ጨርቅ በልብስ ሰፊ አሰፍተን ትልቁንና ትንሹን የደረት ጡንቻ አደረግን። ከተጣለ የጉሉኮስ ቱቦ የብብቱን ደም መልስ ሥር አወጣን፤ ቱቦውንም ቀይ ቀለም ከተበጠበጠበትና ከፍ ብሎ ከተሰቀለ የጉሉኮስ ከረጢት ጋር ስላገናኘነው ሲቆረጥ በእውነት ይፈሳል። ነርቮቹ ቢጫ የሱፍ ክሮች ናቸው። ዕጢዎቹ አተር ናቸው፤ 15 አተር ቆጥረን በስፖንጅና በጄላቲን ውስጥ ቀበርናቸው። ሁሉንም በጥጥ ሸፍነን በላዩ ቆዳ እንዲሆን ወፈር ያለ ጨርቅ ሰፋንበት።

የዚህ አምሳያ ጥቅም እውነተኛ ገላ መምሰሉ አይደለም፤ ጨርቅ ምን ጊዜም ጨርቅ ነው። ጥቅሙ ስሕተቱ የሚቆጠር መሆኑ ነው። ተማሪው ሲጨርስ ጨርቁን እንገልጠዋለን። ስንት አተር ወጣ? ስንት ቀረ? ቢጫው ክር ተቆርጧል ወይስ ደኅና ነው? ቱቦው ተነክቷል? በእውነተኛው ቀዶ ጥገና ግን ቁስሉ ይሰፋል፤ ስሕተቱም ከአራት ወር በኋላ ራሱ እንሥራ ተሸክሞ እስኪመጣ ድረስ ተሸፍኖ ይኖራል።

በመጀመሪያው ቀን በጣም ትጉህ የሆነ አንድ ወጣት ሬዚደንት ሥራውን በፍጥነት ፈጽሞ አተሩን ሁሉ በሳህን ላይ ደረደረልን። ጨርቁን ስንገልጠው ረጅሙ ቢጫ ክር ለሁለት ተከፍሎ ተገኘ። ልጁ ደነገጠ፤ ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ያች እናት ታወሰችኝ። ልጁ በሳምንቱ ውስጥ አምሳያውን አራት ጊዜ አስጠግኖ አራት ጊዜ ሠራው። ሦስተኛውንና አራተኛውን ጊዜ ክሩን አስቀድሞ ፈልጎ፣ አይቶ፣ ጮክ ብሎ «ይኸው» ካለ በኋላ ነበር ወደ ዕጢዎቹ የሄደው። ልምምዱ ያስተማረው ይህን ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ደም መልሱን፣ ቀጥሎ ሁለቱን ነርቮች ማየት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በመካከላቸው ያለውን ማውጣት። በእውነተኛው ገላ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ነርቩ በመቆንጠጫ ቀስ ተብሎ ሲነካ ጡንቻው ይርገበገባል፤ ይህ የሚታየው ግን ጡንቻን የሚያላላው የማደንዘዣ መድኃኒት ኃይሉ ካለፈ ነው። ስለዚህ ልምምዱ ላይ የማደንዘዣ ባለሙያውም ይገኛል፤ አስቀድሞ መነጋገርን ሁለቱም ይማራሉ።

አምሳያ ለቢላዋ ብቻ አይደለም። በሊጥ ውስጥ ሽንብራና ባቄላ ደብቆ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጣታቸው እብጠት መፈለግን ይለማመዱበታል። በጄላቲን ውስጥ በተቀበረ አተር ላይ በመርፌ ናሙና መውሰድን መማር ይቻላል። ከሁሉም ይልቅ የሚረሳው ደግሞ የቃል ልምምድ ነው። አንዲትን ሴት «ጡትሽ ይወጣል» ብሎ መንገር በቀዶ ጥገና ትምህርት ውስጥ ቦታ ያልተሰጠው ከባድ ሥራ ነው። አንዷ ነርስ ሕመምተኛዋን፣ ሌላው ባሏን ሆነው ይቀመጣሉ፤ ተማሪውም ይነግራቸዋል። መጀመሪያ ሲሞክሩት አብዛኞቹ ወለል ወለሉን እያዩ በእንግሊዝኛ ቃላት ይሸሻሉ። ይህም የሚታረም ስሕተት ነው፤ ከሕመምተኛዋ ፊት ይልቅ በባልደረባ ፊት ቢታረም ይሻላል።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። አንዳንዶቹ «ሕመምተኛ ሞልቶ እያለ በጨርቅ ምን ጊዜ እናጠፋለን?» ይላሉ። መልሴ አጭር ነው፤ ሕመምተኛው መብዛቱ በእርሱ ላይ ለመለማመድ ፈቃድ አይሰጠንም። ከምሽት ተረኛነት በኋላ የሚገኝ አንድ ሰዓት፣ ከአንድ የተበላሸ ብብት ዳግመኛ ሕክምና ያነሰ ነው። ሌሎች «መሣሪያው ከውጭ እስኪመጣ እንጠብቅ» ይላሉ። ውድ መሣሪያ ቢመጣ አንጠላም፤ ነገር ግን የሚጠግነው ባለሙያ፣ የሚለወጥ ዕቃና የሚያስተምርበት መምህር ከሌለ በሣጥኑ ውስጥ አቧራ ይለብሳል። የጎደለን ማሽን ሳይሆን ደንብና የመምህር ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ እኔም በከፊል እቀበለዋለሁ። «ጨርቅ አይተነፍስም፣ አይፈራም፣ ስቡም እንደ ሰው ስብ አይንሸራተትም፤ በጨርቅ የጎበዘ በገላ ላይ ይታበያል» ይላል። እውነት ነው። በአምሳያ ያለፈ ሁሉ ቀዶ ሐኪም ሆነ ማለት አይደለም። አምሳያው የሚሰጠው መብት አንድ ብቻ ነው፤ በአስተማሪው ዓይን ሥር፣ አስተማሪው እጁን ታጥቦ በጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ሳለ፣ በገላ ላይ መጀመር። እኔ በወጣትነቴ ሁለቱንም አላገኘሁም ነበር፤ አምሳያውንም፣ በማዶ የሚቆመውንም አስተማሪ። አንዱ ሌላውን ይተካል ብሎ የሚያስብ ሰው ነገሩን አልተረዳውም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አራት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ቀዶ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን እያንዳንዱ ሆስፒታል፣ እዚህ ደብረ ታቦርም ሆነ በጎንደርና በባሕር ዳር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራትና አንድ ቁልፍ ያለው የልምምድ ክፍል ይኑረው። ሁለተኛ፣ የብብት ቀዶ ጥገና መመዘኛ በአማርኛም በእንግሊዝኛም በአንድ ገጽ ይዘጋጅ፤ ነርቮቹን ማየት፣ ደም መልሱን መጠበቅ፣ የዕጢውን ቁጥር መመዝገብ በዝርዝር ይግባበት። ሦስተኛ፣ ተማሪው በሁለት መምህራን ፊት በአምሳያው ላይ ሳያስመሰክር በሕመምተኛ ብብት ውስጥ አይግባ። አራተኛ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በአራተኛው ወር የእያንዳንዷ ሕመምተኛ ክንድ ይታይ፤ ውጤቱም ለሠራው ሐኪም ይነገረው። በጨርቅ ላይ የቆጠርነውን ስሕተት በገላ ላይ ካልቆጠርነው ልምምዱ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሲከፈትባት፣ መምህራኑ ከሌላ አገር የመጣን ትምህርት እንዳለ አልገለበጡም፤ ለዚህ አገር ገጠር የሚስማማ ባለሙያ እንዴት ይሠራ ብለው ጠይቀዋል። እኛም ያንኑ ጥያቄ ለቀዶ ሕክምና እንጠይቅ።

ያች እናት ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ለክትትል መጥተዋል። በሁለተኛው ጊዜ የልጃቸውን ልጅ በቀኝ ትከሻቸው አዝለው ነበር። «በግራው አልችልም፤ በቀኙ ግን ይኸው» አሉኝ፤ ቂምም አላየሁባቸው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አንተም ያኔ ልጅ ነበርህ፤ ልጅ እየተማረ ይሳሳታል» አሉኝ።

ባልደረቦቼ፤ ቃላቸው ከልብ የወጣ ነበርና ሁልጊዜ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ይቅርታቸውን ለተማሪዎቻችን እንደ ፈቃድ ልናወርሰው አይገባንም። ልጅ እየተማረ ይሳሳታል፤ የሚሳሳትበትን ቦታ ማዘጋጀት ግን የመምህሩ ሥራ ነው።